የእሁድ ማታ እንቁላል፦ ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለሐሙስ ቁርስ



ዛሬ ስለ ቁርስ ነው የማወራችሁ። "ዶክተሯ ደግሞ ወጥ ቤት ገባች እንዴ?" እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

በቅርቡ አንድ ትልቅ ሰው ዓለም ባንክ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ራሳቸውን ሊስቱ ሲሉ ሰዎች ደግፈው አመጡልን። ስኳራቸው ሲለካ 48 ነበር። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው የምንለው። ታክመው ነቃ ሲሉ ጠየቅኳቸው፦

"ጋሼ፣ ቁርስ በልተው ነበር?"

"ኧረ ልጄ፣ በ12 ሰዓት ከቤት ወጥቼ መቼ ልብላ? ኪኒኔን ግን አልረሳሁም።"

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ግሊቤንክላሚድ ነው የሚወስዱት። ይህ ኪኒን ምግብ ገባም አልገባም ስኳር ያወርዳል።

የስኳር ታካሚ ባትሆኑም ጠዋታችሁ ከእሳቸው ብዙ አይለይም። ትራፊኩን ለማምለጥ በጨለማ ትወጣላችሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ሆድ ሲጮህ ቦምቦሊኖ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ። አልፈርድም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ለምሳ ሳይደርስ መልሶ ይርባችኋል።

ሰው ቁርስ የማይበላው ጥቅሙን ስለማያውቅ አይደለም፣ ጠዋት ጊዜ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ሥራውን ከጠዋት ወደ እሁድ ማታ እናዛውረው።

ለምን እንቁላል?

አንድ ትልቅ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲንና 70 ካሎሪ ገደማ አለው። ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ኮሊንም ይዟል። ፕሮቲን ቶሎ ስለማይፈጭ ሆድን ይዞ ያቆያል። የሀበሻ እንቁላል አነስ ስለሚል በሁለት የፈረንጅ ፈንታ ሦስት ማድረግ ትችላላችሁ። የአስኳሉ ቀለም የሚወሰነው ዶሮዋ በበላችው ነገር ስለሆነ "ቢጫው ደማቅ ካልሆነ አልገዛም" ማለት አያስፈልግም።

"ኮሌስትሮሉስ?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አዎ፣ አስኳሉ ውስጥ ወደ 186 ሚሊ ግራም አለ። ነገር ግን ለብዙው ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው እንደ ቅቤና የሥጋ ስብ ያለው ጮማ ነገር ነው። ጤነኛ አዋቂ በአማካይ በቀን አንድ እንቁላል ቢበላ ችግር የለውም። እዚህ ያለው አሠራር ደግሞ በሳምንት 6 ነው። የስኳር፣ የልብ ወይም የኮሌስትሮል ችግር ያለባችሁ ግን መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አሠራሩ (ለአንድ ሰው፣ ለ3 ቀን)

👉 6 እንቁላል፣ 1 ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት 1 ቲማቲም፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ቆስጣ፣ ቃሪያ እንደ ፍላጎታችሁ፣ ትንሽ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው።

1. አትክልቱን በትንሽ ዘይት አብስሉትና ውሃው ሲመጥ አቀዝቅዙት። ይህን ከዘለላችሁት በማግስቱ ውሃ ያዘለ እንቁላል ነው የምትበሉት።
2. እንቁላሉን መትታችሁ ከአትክልቱና ከጨው ጋር ቀላቅሉ።
3. ዘይት የተቀቡ 6 የሻይ ስኒዎች ወይም የብረት ኩባያዎች ውስጥ ሦስት አራተኛ ድረስ ሙሉ። ሲበስል ስለሚነፋ አፉ ድረስ አትሙሉት።
4. ኦቨን ካላችሁ የኦቨን ሙቀት የሚችል ዕቃ ተጠቅማችሁ በ180 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

ኦቨን የለም? ምንም አይደል። ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ ስኒዎቹን ደርድሩ፣ ውሃ እስከ ስኒው ግማሽ ጨምሩ፣ ክዳኑን በፎጣ ጠቅልላችሁ ክደኑ። በዝግተኛ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ሁለቱም ጋ መሐሉን በቢላ ወጋ አድርጉት፤ ፈሳሽ ይዞ ከወጣ አልበሰለም።

ጥሬ እንቁላል "ጉልበት ይሰጣል" ብላችሁ የምትጠጡ ካላችሁ በዚሁ እንተወው። ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ፕሮቲኑም ቢሆን ሲበስል ነው ሰውነታችን በደንብ የሚጠቀምበት።

አቀማመጥ (ይህን እንዳትዘሉት!)

✅ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ክዳን ባለው ዕቃ።
✅ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ከዚያ አይዘልም።
✅ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ካልተከፈተ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይጣል። "አሸተትኩት፣ ደህና ነው" አይሠራም፣ በሽታ አምጪ ጀርም ሁሌ አይሸትም።
✅ ጠዋት ምጣድ ላይ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ በደንብ አሙቁትና ከቤት ሳትወጡ ብሉት። በ12 ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ከትቶ 4 ሰዓት ላይ መብላት አይሆንም።

ፍሪጅ ለሌላችሁ ይህን አልመክርም። እናንተ ስትለብሱ እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቀቀል፣ በቃ።

ረቡዕና ዓርብስ?

ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው። እሁድ ማታ የሠራችሁት ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለሐሙስ ይሆናል፤ ሐሙስ ላይ 4 ቀኑ ያልቃል። ለምትጾሙ የጾሙ ቀንና የፍሪጁ ቀን ራሱ ገጠመ ማለት ነው!

ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ ማክሰኞ ማታ አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጡና ያንኑ አትክልት ጨምሩበት። በዚያው መንገድ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉት። አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው።

ለስኳር ታካሚዎች

እንቁላል ውስጥ ስኳር የሚሆን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች እንቁላል ብቻ በልታችሁ አትውጡ፤ ዳቦ፣ እንጀራ ወይም ድንች አብሮ ይኑር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከመጣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። በ15 ደቂቃ ካልተሻላችሁ ድገሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። እስከ ቀን የምትጾሙ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን በራሳችሁ ሳትቀይሩ ቀድማችሁ ሐኪም አነጋግሩ።

ጋሼ በቀደም ለክትትል መጥተው ነበር። "ልጄ እሁድ እሁድ ትሠራልኛለች፣ እኔ ዳቦዬን ይዤ እጠብቃለሁ" አሉኝ እየሳቁ። የዚያን ቀን ስኳራቸው ደህና ነበር።

በጠዋት ከቤት ለሚወጣ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። መልካም እሁድ!