«ጃጁ» ከማለታችን በፊት

ከጋይንት፥ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ሥራ የያዘ ወጣት፥ ኑሮው ሲደላደል አስቀድሞ የሚያስበው ወላጆቹን ከገጠር አምጥቶ ማሳረፍ ነው። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አእምሮስ ሲያርፍ ይጠቀማል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ዙሪያ ያለ ሽማግሌ ፊደል ባይቈጥር እንኳ አእምሮው ሥራ አይፈታም። ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥር፥ የድንበር ጠብ ሲነሣ የጥንቱን ምልክት አስታውሶ የሚያስታርቅ እርሱ ነው። ባልቴቲቱም የማኅበሩ ጽዋ ተረኛ ማን እንደ ሆነ በቃሏ ትይዛለች። እኒህ ሰዎች ከከተማ መጥተው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲቀመጡ፥ ልጅ ወደ መሥሪያ ቤት፥ የልጅ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ምክር የሚጠይቃቸው ቀርቶ በስም የሚጠራቸው ጎረቤት አይገኝም። ውሎ አድሮ ነገር ሲምታታባቸው «ጃጁ» እንላለን።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰበው የሊቃውንት ጉባኤ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ 14 ምክንያቶች ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት ሕመም እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ለመከላከል ወይም ለማዘግየት እንደሚቻል ገልጿል። ከነዚህም መካከል የትምህርት ማነስ፥ የደም ግፊት፥ የጆሮና የዓይን መድከም፥ ከሰው ተለይቶ መኖርም ይገኛሉ። እንግዲህ በልዩ ልዩ ጎሣዎችና በስደተኞች ዘንድ የሚታየውን ልዩነት ለዘር ብቻ መስጠት ስሕተት ነው፤ ትምህርት፥ ቋንቋና ሠፈርም ድርሻ አላቸውና።

ለዚህ ከጎንደር ምድር የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ምሳሌ ይሆኑናል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። በመንደራቸው ነገር ይቈርጡ የነበሩ ሽማግሎች በማያውቁት ቋንቋ መካከል ገብተው፥ ለጉዳያቸው ልጆቻቸውን አስተርጓሚ እስከ ማድረግ ደረሱ።

ስለዚህ ወላጆቻችንን ከማምጣታችን በፊት ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። ከመጡም በኋላ ከእድርና ከሰንበቴ እናግባቸው፤ የደም ግፊታቸውን እናስለካ፤ ጆሯቸውንና ዓይናቸውን እናስመርምር፤ በዓል ሲደርስ ቀዬያቸውን እናሳያቸው። ከሁሉም በላይ ምክር እንጠይቃቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል ለአረጋውያን አእምሮም ይሠራል፤ እንጀራ ብቻ ማቅረብ ጧሪ አያሰኝም።