የቅመም ሽታ ያለው ካናቢስ ማዳቀል፦ የደረቀ አበባ ምርጫን እንዴት ያዛባል?

የካናቢስ ሽታ በዋነኛነት የሚመነጨው በሴቴ አበባው ላይ በሚገኙ ፀጉር መሰል ዕጢዎች ውስጥ ከሚመረቱት ቴርፒኖች ነው። ከእነዚህም መካከል ቤታ-ካርዮፊሊን በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ዘይት ውስጥም ይገኛል፤ ሂዩሙሊን ደግሞ በፋብሪካ ቢራ የጌሾን ቦታ በሚይዘው ሆፕ ይታወቃል። የቅመም ሽታ ያለው ዝርያ የሚሹ አዳቃዮች በሁለቱ ውህዶች ላይ ማተኮራቸው የሚጠበቅ ነው። ምርጫው በደረቀ አበባ ላይ ሲመሠረት ግን የተክሉ ዘረመልና የአደራረቁ ሁኔታ ይምታታሉ።

ሞኖቴርፒኖች 10 ካርቦን ሲኖራቸው፣ ካርዮፊሊንና ሂዩሙሊን የሚመደቡባቸው ሴስኪቴርፒኖች 15 አላቸው። ቀላሎቹ ሞኖቴርፒኖች ፈጥነው ይተናሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮስና ኤልሶህሊ ባሳተሙት ጥናት፣ ከትኩስ አበባ የተገኘው ተናኝ ዘይት 0.29 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ አበባው ለአንድ ሳምንት ከደረቀ በኋላ ወደ 0.20 በመቶ ወርዷል፤ ይበልጥ የቀነሱትም ሞኖቴርፒኖች ናቸው።

ውጤቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በአንድ ናሙና ዘይት ውስጥ 90 እጅ ሞኖቴርፒንና 10 እጅ ሴስኪቴርፒን አለ እንበል። ከሞኖቴርፒኑ 50 እጅ ቢተን፣ የሴስኪቴርፒኑ ድርሻ ከ10 ወደ 20 በመቶ ያድጋል። ተክሉ ግን ቅንጣት ታህል ተጨማሪ ካርዮፊሊን አላመረተም።

የካናቢስ ወንዴና ሴቴ አበቦች በአብዛኛው በተለያዩ ተክሎች ላይ ስለሚገኙና የአበባው ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ፣ የአንድ ድቅል ልጆች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። አዳቃዩ ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ በቁራጭ ያባዛዋል። ስለሆነም ሞቅ ባለ ክፍል በመድረቁ ብቻ ቅመም ቅመም የሸተተ ተክል ለዝርያው ሁሉ መነሻ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሦስት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ናሙናዎች በተመሳሳይ የብስለት ደረጃ ተቆርጠው ወዲያውኑ በበረዶ መቀዝቀዝ አለባቸው። ሁለተኛ፣ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ውጤት በመቶኛ ድርሻ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ግራም አበባ ስንት ሚሊግራም ውህድ እንዳለ ተሰልቶ መቅረብ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የካርዮፊሊንና የሂዩሙሊን ምጥጥን ለብቻው መመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ቡዝና ባልደረቦቿ ፊኖላ በተባለው የሄምፕ ዝርያ ውስጥ ሁለቱን በአንድነት የሚያመርት ኢንዛይም ለይተዋል። ሁለቱም ሴስኪቴርፒኖች በመሆናቸው ምጥጥናቸው በመድረቅ ብዙም አይናጋም፤ በመሆኑም ከጥቅል ድርሻቸው ይልቅ የዘረመሉን ጠባይ ያመለክታል።

አፍንጫ ዕጩዎችን ለመለየት ይጠቅማል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ገና ባልደረቀ አበባ ላይ በተደረገ ልኬት ሊጸና ይገባል።