እንዴት ይሠራል? የጠላቂ ዋናተኛ ባንዲራ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ቢበላሽ፣ ረዳቱ ወርዶ ከመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ከጠመዝማዛው ማዶ የሚመጣው ሹፌር መኪናውን ሳያይ ቅጠሉን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ውኃ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የጠላቂ ባንዲራ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለው ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ሰው ሲሰጥም ጠላቂ ዋናተኛ ተጠርቶ ይገባል፤ ጀልባ ያለው ሁሉ ለመርዳት ይወጣል። ታች ላለው ጠላቂ ግን ሊረዳ የወጣው የሞተር ጀልባ ራሱ አደጋ ሊሆንበት ይችላል።

ለምን አይታይም? ለምንስ አያመልጥም?

የጠላቂውን የትንፋሽ አረፋ ትንሽ ሞገድ ይሸፍነዋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ደግሞ 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ጠላቂው የሞተሩን ድምፅ ይሰማል፤ ሆኖም ድምፅ ውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ አራት እጥፍ ያህል ስለሚፈጥን፣ ከቀኝ ይምጣ ከግራ መለየት ይቸግረዋል። ሮጦ መውጣትም አይችልም። በአየር ሲሊንደር የሚተነፍስ ሰው በጥድፊያ ከወጣ ሳንባው ሊጎዳ፣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጂንም አረፋ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ይወጣል፤ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስም 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል። መሸሽ የሚችለው ጀልባው ብቻ ነው።

ሁለቱ ባንዲራዎች

የመጀመሪያው ቀይ ሆኖ ከመስቀያው እንጨት በኩል ካለው የላይኛው ጥግ ወደ ተቃራኒው የታችኛው ጥግ የሚወርድ ነጭ ሰንበር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ዴንዘል ዶከሪ የተባለ ሰው የጀመረው ሲሆን፣ «እዚህ ታች ሰው አለ» ማለት ነው። ሁለተኛው በእንጨቱ በኩል ነጭ፣ በጫፉ በኩል ሰማያዊና በሽብልቅ ቅርጽ የተቀደደ ነው። በዓለም አቀፍ የመርከቦች ምልክት የ«ኤ» ፊደል ባንዲራ ይባላል፤ ጀልባዋ «ጠላቂ አውርጃለሁ፤ ራቁ፣ በዝግታም እለፉ» የምትልበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመርከቦችን ግጭት ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ጠላቂ ያሰማራች ትንሽ ጀልባ የ«ኤ» ባንዲራን ቅርጽ ቁመቱ ከ1 ሜትር በማያንስ ጠንካራ ሰሌዳ ሠርታ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ እንድታቆም ያዛል። በሌሊት ከላይ ወደ ታች ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ መብራት ታበራለች። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ደግሞ ጀልባ ላይ የሚሰቀለው ምልክት ቢያንስ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። በክፍት ውኃ ጀልባዎች ከምልክቱ 90 ሜትር፣ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ 30 ሜትር ያህል ለመራቅ መጣር አለባቸው፤ ከዚያ ከቀረቡም ሞተራቸውን እጅግ ያዘገያሉ። ጠላቂውም በዚያው ርቀት ውስጥ ለመቆየት መጣር ግዴታው ነው።

የ1972ቱ ደንብ የሚገዛው ባሕርንና ከባሕር ጋር የተያያዘ፣ የባሕር መርከብ የሚሄድበትን ውኃ ነው። ሎጎ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው ከባሕር አይገናኝም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ጠላቂ ከመግባቱ በፊት ባለ ጀልባዎቹ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹና አካባቢውን የሚያስተባብረው አካል በምልክቱና በርቀቱ መስማማት አለባቸው።

አተካከሉ

ባንዲራው ተንሳፋፊ ነገር ላይ ይቆማል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከእንጨቱ ግርጌ ክብደት ይታሰርበታል፤ ነፋስ በሌለበት ጊዜ እንዳይጣጠፍም በላይኛው ጠርዙ ሽቦ ይገባበታል። ከተንሳፋፊው የሚወርደው ገመድ ከውኃው ጥልቀት በለጥ ማለት አለበት። ጠላቂው ገመዱን በማጠንጠኛ ይዞት ይሄዳል እንጂ በእጁ አንጓ ላይ አይጠመጥመውም፤ የጀልባ ሞተር ገመዱን ቢይዘው ወዲያው መልቀቅ አለበትና። ሲወጣም ገመዱን ተከትሎ፣ ወደ ላይ እያየ፣ አንድ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን እየቃኘ ነው።

ጠላቂው ከውኃ እንደወጣ ባንዲራው ይውረድ። የፍሎሪዳ ሕግም ማንም ሳይጠልቅ ባንዲራ ማውለብለብን ይከለክላል። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ሲቀር ራሱ አደጋ እንደሚሆን ሁሉ፣ ያለ ጠላቂ የቀረ ባንዲራም ሰዉን ምልክት መናቅ ያስለምዳል።

የጀልባ ሞተር የምትይዙ ወገኖች! ቀይና ነጩን ወይም ሰማያዊና ነጩን ባንዲራ ስታዩ በሩቁ ዙሩ። ሳታውቁ ከቀረባችሁ ሞተሩን አዘግዩ፣ አረፋ ፈልጉ፣ ከአካባቢው ቀስ ብላችሁ ውጡ። ባንዲራው ብቻውን ጀልባ አያቆምም፤ የጠላቂውን ሕይወት የሚጠብቀው ምልክቱን አይታችሁ የምትቀንሱት ፍጥነት ነው።