ዕውቀት በሞዴል 19 ገቢ አይሆንም

ከጭሮ ወደ አዋሽ የሚወርደው አስፋልት ቆላውን ሲነካ ሚኤሶን ያገኛል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲዘረጋ ይህች ሞቃት ከተማ የሁለት ቻይናውያን ተቋራጮች ወሰን ነበረች። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን የሠራው ቻይና ሬልዌይ ግሩፕ ነው፤ ከሚኤሶ ወደ ደወሌ የሚሄደውን ደግሞ ሲሲኢሲሲ እየተባለ የሚጠራው ሌላው የቻይና ኩባንያ ሠራው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ባቡሩን ለስድስት ዓመት ሊያስተዳድሩና በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያንና የጅቡቲን ባለሙያዎች ሊያበቁ ውል ገቡ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራ አመራሩን አስረከቡ። ምዕራብ ሐረርጌ የሚታወቀው በቡናና በጫት እንጂ በፋብሪካ አይደለም፤ የጭሮ፣ የሂርናና የገለምሶ ወጣት ፋብሪካ ሲፈልግ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዳማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ድርጅት የሠራተኞቹን ዕውቀት እንዴት እንደሚይዝ፣ እንዴትም እንደሚያጣ ከዚህ አገር ሆኖ ለማየት ከዚህ ሐዲድ የተሻለ መስኮት አይገኝም።

ርክክብ የሚለው ቃል ግን መጠርጠር አለበት። በመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ቢጎድል ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ስለ ሠራተኛ ዕውቀት የምናምነው ትልቁ ተረት ከዚህ ልማድ የተቀዳ ነው፤ ዕውቀት አንዱ ዘንድ ተቀምጦ የሚገኝ፣ ተቆጥሮ ለሌላው የሚሰጥ ንብረት ነው ብለን እናስባለን። የቀሩት ተረቶች ሁሉ የዚህ ልጆች ናቸው። ንብረት ከሆነ ወረቀት ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ የማይሰጥ ሰው ካለም ደብቆታል ማለት ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ። እውነታው ሌላ ነው። የሥራ ዕውቀት የሚኖረው ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ቦታ ነው፣ የሚተላለፈውም እየተሠራ ነው፤ ሥራው ሲቆም ወይም ሰዎቹ ሲለያዩ በማንም ሳይሰረቅ ይጠፋል።

«ማኑዋሉ እስካለ ድረስ ዕውቀቱ አለ» ከሚለው እንጀምር። የሐረር ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ፣ ከነልባሱ በፀሐይ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ ነው ለገበያ የሚወጣው። ጀንፈል መድረቁን ለማወቅ ገበሬው እፍኝ አንሥቶ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፤ ፍሬው በልባሱ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማዋል። እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ይሁን ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ መሣሪያ ካለም ይለካል። ያን ድምፅ ግን ማንም በፊደል ጽፎ ለሌላ ሰው አላስረከበም፤ ልጅ የሚማረው አባቱ አጠገብ ቆሞ፣ አንዴ «ገና ነው» አንዴ «ደርሷል» ሲባል እየሰማ ነው። ይህ የገበሬ ነገር ነው፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ሁሉ በንድፍና በቁጥር ይሄዳል የሚል ይኖራል። እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሃሪ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። አንድ ዓይነት ሌዘር ለመሥራት የሞከሩ ቤተ ሙከራዎችን ተከታትሎ ያገኘው፣ በታተመ ጽሑፍ ብቻ ተመርቶ የተሳካለት አንድም እንዳልነበረ ነው። የተሳካላቸው ቀድሞ ሠርቶ ካሳካ ሰው ጋር በአካል ወይም በስልክ የተገናኙት ነበሩ፤ ፊዚክሱን ግን ሁሉም ያውቁት ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። አሜሪካ ለኑክሌር መሣሪያ የምትጠቀምበትን ፎግባንክ የተባለ ቁስ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1989 ስታመርት ቆይታ አቆመች። በ2000ዎቹ ዳግም ማምረት ስትፈልግ የተጻፈው መረጃ ጥቂት ሆነ፣ ያመርቱ የነበሩት ሰዎችም አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሥራ ለቀዋል። አዲስ ፋብሪካ ተሠራ፤ ሂደቱ በተቻለ መጠን እንደ ጥንቱ ተደገመ፤ ምርቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆን አለ። ብዙ ከተለፋ በኋላ ምክንያቱ ተገኘ። በድሮው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ለቁሱ የሚያስፈልግ ቆሻሻ ነገር ነበረበት፤ አዲሱ የማጣሪያ ዘዴ በደንብ አጽድቶ አስወገደው። የድሮዎቹ ሠራተኞች ይህን አልደበቁም፤ ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። ዕውቀቱ በሰውዬው፣ በማሽኑ፣ በጥሬ ዕቃውና በልማዱ መካከል ተበትኖ ይኖር ነበር። ምን ዓይነት ሞዴል ተቆርጦ ይህን ገቢ ማድረግ ይቻላል?

የራሳችን ቋንቋም ይመሰክራል። የትኛውም ጋራዥ ውስጥ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን የሚሉ ቃላት ይሰማሉ፤ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ፉርጎና ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳይኛ መጥተው ከአሮጌው ባቡር ጋር ቀሩ። ያ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ሲመላለስ፣ ወርክሾፑ ድሬዳዋ ነበር፤ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ። እነዚህን ቃላት ያስገባቸው መዝገበ ቃላት ወይም ኮርስ አይደለም። ረዳቱ ባለሙያው አጠገብ ቆሞ «አቀብለኝ» ሲባል የሰማውን በሰማው መልክ ይዞት ቀረ፤ ለዚህ ነው አነጋገራቸው ከመጽሐፉ ጣልያንኛ የራቀው። ከቃሉ ጋር አያያዙ፣ አጠባበቁ፣ ብሎኑ ከመበጠሱ በፊት እጅ ላይ የሚሰማው መለስለስ አብሮ ገባ። ከአዲሱ ባቡር ጋር ስንት የቻይንኛ የሙያ ቃል ወደ ሠራተኛው አፍ እንደገባ ቢጠና አንድ ነገር ይነግረን ነበር ብዬ አስባለሁ። በአስተርጓሚ የሚመጣ ትእዛዝ ትርጉሙን ያደርሳል፣ «እንዲህ ሳይሆን እንዲህ» የሚለውን የእጅ ንግግር ግን መንገድ ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው ተረት ሰውን ይከስሳል። «የእኛ ሠራተኛ ስስታም ነው፣ የሚያውቀውን አያካፍልም፤ ሙያ በልብ ነው ይልሃል።» አባባሉ በመሠረቱ ጉራን ለመንቀፍ የተነገረ ይመስለኛል፤ ሥራህ ይናገር እንጂ አንተ አትናገር ነው ነገሩ። ወርክሾፕ ውስጥ ግን «አትንገር» ወደሚል ትእዛዝ ተለውጧል፣ ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡና ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ከተሰደበ ሰው ቤት ሙያ ወደ ጎረቤት አይወጣም፤ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይሄዳል። ዛሬ ያ ስድብ በፋብሪካ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ስሌቱ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ጊዜ የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ያላቸው ሠራተኞች ቅድሚያ አግኝተው እንዲቆዩ ይደነግጋል፤ ችሎታቸው እኩል የሆነ እንደሆነ ወደ አገልግሎት ዘመንና ወደ ቤተሰብ ብዛት ይኬዳል። ድንጋጌው ተገቢ ነው፤ አሠሪ ጎበዙን አሰናብቶ ሰነፉን እንዲያቆይ ማንም አይፈልግም። ነገር ግን አንድ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚመረምር መካኒክ ጽሑፉን ሲያነበው የሚገባው ይህ ነው፤ ችሎታዬን ለጓደኛዬ ባስተምር እኩል እንሆናለን፣ እኩል ስንሆን ደግሞ ጥበቃዬ ይቀንሳል። ይህ ስስት አይደለም፣ የቤት ሒሳብ ነው።

አስተዳዳሪው «ታዲያ ክፉ ሰው የለም ወይ?» ሊል ይችላል። አለ እንጂ፤ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ድርጅቱን የሚያስለምን አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ዝም ካለ አሥሩም በአጋጣሚ ክፉ ሆነው ነው ማለት ይከብዳል። የደረጃ ዕድገት የሚገኘው ለብቻ በማወቅ ከሆነ፣ ተለማማጅ ያስተማረ ባለሙያ የራሱ ሥራ ዘግይቶ ከተቀጣ፣ ስህተቱን በግልጽ የተናገረ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት፣ ደግ ሰውም ዝም ማለት ይማራል። ሰውን በስብከት ከመለወጥ ይልቅ ሒሳቡን መለወጥ ይቀላል፦ ያስተማረ ሰው ያስተማራቸው ሰዎች ብቃት ለእርሱ ዕድገት ይቆጠርለት፣ ለማስተማር የዋለው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይያዝለት።

ሦስተኛው ተረት የቁጥጥር ፍቅር ያለው ነው። ሠራተኛ ተሰብስቦ ሲያወራ ጊዜ እየባከነ ነው ይላል። አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ኦር በዜሮክስ ኩባንያ የኮፒ ማሽን ጠጋኞችን ሲያጠና ያየው ተቃራኒውን ነው። ጠጋኞቹ የብልሽት መመርመሪያ ማኑዋል ተሰጥቷቸዋል፤ ማሽኖቹ ግን ማኑዋሉ ባልገመተው መንገድ ይበላሹ ነበር። መፍትሔው የሚወለደው በቁርስና በምሳ ላይ፣ «እኔ አንድ ጊዜ የገጠመኝ...» እያሉ ሲጨዋወቱ ነበር። ኩባንያው በኋላ ይህን ወሬ ተከትሎ ዩሬካ የተባለ የጠጋኞች የምክር ማኅደር አቋቋመ፤ አንዱ የላከውን ዘዴ ሌሎች ጠጋኞች ፈትሸው ሲያጸድቁት ከነስሙ ይገባል። ለምክሩ ገንዘብ ይከፈል የሚለው ሐሳብ ቀርቦ ጠጋኞቹ ራሳቸው አልፈለጉትም፤ የፈለጉት ስማቸው እንዲቀመጥ ነው። ከቀትር በኋላ በጫት በርጫ ላይ ተቀምጦ የዝናቡን፣ የገበያውንና የመኪናውን ጉዳይ ሲያወጋ ለሚውል የሐረርጌ ሰው ይህ ጥናት አዲስ ነገር ላይሆን ይችላል። (ጫት ፋብሪካ ይግባ እያልኩ አይደለም፤ ቡናው ይበቃል።) ኮምፒዩተር ገዝተን ዕውቀቱን እናስገባበት የሚሉም ከዩሬካ የሚማሩት አላቸው፤ ማኅደሩ የሠራው ወሬው ቀድሞ ስለነበረ ነው። ወሬ በሌለበት የተተከለ ሶፍትዌር ባዶ መደርደሪያ ነው።

«አሠልጥነናል፣ ውጭ ልከናል» የሚለው ደግሞ በግማሹ እውነት ነው። የውጭ ትምህርት ለጭሮ እንግዳ አይደለም፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ጨርጨርንም ሌላው አይቶ የሚከተላት አርአያ ግዛት ለማድረግ ደክመዋል። አይቶ የሚለው ላይ ነው ቁም ነገሩ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችንም 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚለው ይህንኑ አውቆ ነው፤ ትብብር ሥልጠና ተብሎ ወደ ድርጅት የተላከው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ወለል ሲጠርግ ከዋለ 70ው በወረቀት ብቻ ይቀራል። ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴም እንዲሁ ነው። ከጥቅምት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን እርዳታ በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞከረ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዋናው ጥበቡ ማሽኑ አጠገብ ያለው ሠራተኛ በቡድን ተቀምጦ ችግሩን በራሱ አፍ እንዲናገር ማድረጉ ነበር። ቡድኑ መሰብሰቡን ትቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ብቻ ሲቀር ካይዘን እንደገና ዕቃ ይሆናል፤ ጎብኚ ሲመጣ የሚታይ ዕቃ።

ይህ ሁሉ ጽሕፈት አያስፈልግም ማለት እንዳይመስል። የፈረቃ መዝገብ፣ የጥገና ታሪክ፣ የመለዋወጫ ቁጥር ካልተጻፈ ሰው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ የፎግባንክ መከራም በከፊል ከመዝገብ ማነስ የመጣ ነው። ወረቀት የት እንደሚፈለግ ይናገራል፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ያስታውሳል። ስህተቱ እርሱን ከጠያቂውና ከተጠያቂው በላይ ማድረግ ነው፤ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲባል መጽሐፍ ስላልነበረ አይደለም።

ወደ ሚኤሶ እንመለስ። ግመልና ከብት ከባቡር ጋር መጋጨታቸው የመስመሩ የታወቀ ችግር ነው። መንጋው በደረቁ ወራት ውኃ ፍለጋ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚሻገር ከቻይና የመጣ ማኑዋል ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቁት አርብቶ አደሩ፣ የሐዲድ ጠባቂውና ያን ጉዞ ደጋግሞ ያየው አሽከርካሪ ናቸው፤ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታና ሰዓት ከሌለ ዕውቀቱ ሦስት ቦታ ተቆርሶ ይቀራል። በኦሮምኛና በሶማልኛ የተነገረው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወደተጻፈው መዝገብ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የርክክቡን ስኬት መለካት የሚፈልግ ሰው ከፊርማው ይልቅ የጥገና መዝገቡን ይግለጥ፤ አንድ ዓይነት ብልሽት በስንት የተለያየ እጅ እንደተጠገነ ይቁጠር። በየገጹ የሚደጋገመው አንድ ስም ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የዓመት ዕረፍቱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወሰደ ይጠይቅ።