ተጨማሪ መረጃ፦ የነከሰ ውሻ ለምን 10 ቀን ይጠበቃል?

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከንክሻ ቁስል ተነሥቶ በነርቮች በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይደርሳል። ምራቁ ይህን ቫይረስ የያዘ ውሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። ስለዚህ ሰው የነከሰ ውሻ ተለይቶ በባለሙያ ዓይን ሥር ለ10 ቀን ይቆያል። ይህም የክትትል ጊዜ ይባላል። ውሻው 10ሩን ቀን በጤና ካለፈ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

ንክሻን ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስታሳውቁ የውሻውን መልክ፣ ባለቤቱን፣ ንክሻው የደረሰበትን ቦታና ጊዜ፣ ውሻው መከተቡንም የምታውቁ ከሆነ ተናገሩ። ውሻውን ራሳችሁ ለመያዝ አትሞክሩ። ተገድሎ ከተጣለ ክትትሉ ይቀራል፤ ከሞተ ግን አንጎሉ በላቦራቶሪ ሊመረመር ስለሚችል ባለሙያው ሳያየው መቀበር የለበትም።

ልብ በሉ! ሕክምና 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ታማሚውን ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቻላል። በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል።

ሞክሩ፦ በወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒኩ የት እንደሚገኝና ክትባቱ በየትኛው ጤና ተቋም እንደሚሰጥ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ለቤተሰቦቻችሁም አስረዱ።