ሮቦቱ መስፋቱን ችሏል፤ በሽታውስ ድኗል?

እናት አባቶቻችን ስማችንን መዘንጋት ሲጀምሩ «ያው እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው ነገር አንዳንዴ አልዛይመር የተባለው በሽታ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት ስላልተገኘለት፣ «ቻይና ውስጥ በኦፕራሲዮን ይድናል» የሚል ወሬ የሰማ ልጅ ቤቱን አስይዞም ቢሆን ወላጁን ይዞ ለመብረር አያመነታም። ስለዚህ ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን እንመልከተው።

የሊምፍ ሥርዓት በሰውነት ውስጥ የተረፈውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ የቧንቧ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲዋ ማይከን ኔደርጋርድና ባልደረቦቻቸው አንጎልም ቆሻሻውን በፈሳሽ የሚያጥብበት መንገድ እንዳለው ገለጹ። በ2015 ደግሞ በአይጦች አንጎል ሽፋን ላይ የሊምፍ ቧንቧዎች መኖራቸው ታወቀ። ፍሳሹ የሚወርደው በአንገት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ነው። ከሚታጠበው ቆሻሻ አንዱ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ነው።

የቻይና ቀዶ ሐኪሞች ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ የአንገቱን የሊምፍ ቧንቧ ከደም መላሽ ሥር ጋር ብንሰፋው ፍሳሹ ይፈጥናል፣ አንጎልም ይጸዳል የሚል ነው። ቧንቧው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። ሮቦት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያን የተሠራው «ሲማኒ» የሐኪሙን የእጅ እንቅስቃሴ ከ7 እስከ 20 ጊዜ ያሳንሳል፤ መንቀጥቀጡንም ያጣራል።

ይሁን እንጂ ቧንቧ መግጠምና ጎርፍ ማቆም ለየቅል ናቸው። ይኸው ስፌት ከካንሰር ሕክምና በኋላ ላበጠ ክንድ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል፤ እብጠቱ መቀነሱን በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል። የመርሳት በሽታ ግን አንድ ቀን ሻል፣ ሌላ ቀን ባስ የሚል ነው፤ የቤተሰብ ተስፋም ለውጡን አጉልቶ ያሳያል። የፍሳሹ መድከም የበሽታው መንስኤ ይሁን ውጤት ገና አልተለየም። ስለሆነም ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን ካልተደረገላቸው ጋር በዕጣ መድቦ ለረጅም ጊዜ ሳያነጻጽሩ «ድኗል» ማለት አይቻልም።

የቻይና ብሔራዊ የጤና ኮሚሽንም በሐምሌ 2025 ይህ ኦፕራሲዮን ለአልዛይመር ሕክምና እንዳይውል የከለከለው ደኅንነቱና ጥቅሙ በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም በማለት ነው።

ምርምሩ ይቀጥል፤ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከመዋጮው በፊት እንጠይቅ፦ ከማን ጋር ተነጻጸረ? ለስንት ጊዜ ተከታተላችሁ? ጉዳት የደረሰባቸውስ ስንት ናቸው? ራሳቸው መጠየቅ ላቃታቸው ወላጆቻችን ይህን መጠየቅ የእኛ የልጆች ዕዳ ነው።

ቸር ይግጠመን።

ኢስትሙር፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ