በኢንተርኔት የሚሰጥ የቤተ መጻሕፍት ማጣቀሻ አገልግሎትና የጤና ባለሙያው

በኢንተርኔት የሚሰጥ የማጣቀሻ አገልግሎት፣ የጤና ባለሙያው በሥራው ላይ የገጠመውን ጥያቄ በኢሜይል ወይም በድረ ገጽ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አቅርቦ ምንጩ የተጠቀሰ መልስ የሚያገኝበት ዘዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተሰኘው መርሐ ግብር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ አስችሏል።

የመልሱ ጥራት የሚወሰነው በጥያቄው አቀራረብ ነው። «የኤክላምፕሲያ ሕክምና ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ፍለጋው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ያመጣል። «ኤክላምፕሲያ በያዛት እናት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ከዳያዜፓም ይልቅ የመንቀጥቀጡን መደጋገም ይቀንሳልን?» ከተባለ ግን ታማሚዋ፣ ሕክምናው፣ ማነጻጸሪያውና የሚጠበቀው ውጤት ተለይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመውና የማግኒዥየም ሰልፌትን ብልጫ ያሳየው ዓለም አቀፍ ጥናት በቀላሉ ይገኛል። በጥያቄው ውስጥ የታማሚዋ ስምና የካርድ ቁጥር ሊጻፍ አይገባም። የሕክምናው ውሳኔም የሐኪሙ እንጂ የቤተ መጻሕፍቱ አይደለም።

አገልግሎቱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት የመቀሌ ልምድ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ጦርነት ሲጀመር በትግራይ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ እንደ ዓይደር ያሉ ሆስፒታሎችን የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት የተደጋገሙ ጥያቄዎችን መልስ፣ የሕክምና መመሪያዎችንና የመድኃኒት መጠን ሠንጠረዦችን፣ የታደሱበትን ቀን ጽፎ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ኮምፒዩተርና በወረቀት ማኖር ይገባዋል። መስመር ቢቋረጥም ታማሚ መምጣቱን አያቋርጥምና።